ትልቅ ውሻ በአውሮፕላን ለመላክ የቱን ሳጥን ልግዛ? ፕላስቲክ፣ ኮምፔንሳቶ ወይስ ብረት (ንጽጽር)

ጃክ ጆሮውን ሲያቆም ከመሬት እስከ ጆሮው ጫፍ 80 ሴንቲሜትር ነው። ይሄን ቁጥር ቀድሜ ለክቼ ባውቀው ኖሮ ሁለት ጊዜ የሳጥን ብር ባላወጣሁ ነበር። ጃክ ጀርመን ሼፐርድ ነው፣ 36 ኪሎ፣ ባለቤቱ እህቴ ናት፣ ለስራ ፍራንክፈርት ልትሄድ ስትዘጋጅ የወረቀቱን ጣጣ እሷ ያዘችና ሳጥኑና ልምምዱ እኔ ላይ ወደቀ። የመጀመሪያውን ሳጥን ኦንላይን አይቼ ነው የገዛሁት፣ ያገለገለ ፕላስቲክ፣ ላዩ ላይ "ለአየር መንገድ የተፈቀደ" የሚል ስቲከር አለው፣ ሰውዬውም ስንት ውሻ ተልኮበታል እያለ ማለልኝ፣ እኔም ሳልለካ ከፍዬ ቤት አመጣሁት። ጃክ ሲገባበት ጆሮው ጣሪያው ላይ ታጠፈ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ያየኛል። እንደዛ ሆኖ ሰባት ሰዓት ሊበር ነው እንግዲህ።

ስለዚ ይሄን የምጽፈው ሳጥን ለመግዛት ገና ለሚያስቡ ነው፣ ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ደሞ አሁኑኑ ሜትር ይዛችሁ ውሻው ጋ ሂዱ።

ስለ ስቲከሩ መጀመሪያ ልናገር። አያታ የሚባለው የአየር መንገዶች ማህበር ለእንስሳት ጉዞ የሚያወጣው ደንብ አለ፣ ለውሻና ለድመት ሳጥን የሚሆነው ክፍል ሲአር 1 ይባላል፣ ግን አያታ ራሱ የትኛውንም ሳጥን አይቶ ይሄ አልፏል ብሎ አያጸድቅም። ስቲከሩን የሚለጥፈው ፋብሪካው ነው። አንድ ሳጥን ለጎረቤታችሁ ውሻ ልክ ሆኖ ለናንተው ግን ደንብ የጣሰ ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም ልኩ የሚወጣው ከውሻው አካል ነው። በመጨረሻ የሚወስነው ደሞ በዛን ቀን ካውንተር ላይ የቆመው ሰራተኛ ነው፣ እሱ ስቲከር አያነብም፣ ውሻው ቆሞ ጣሪያ ይነካል አይነካም፣ ዞር ማለት ይችላል አይችልም፣ ተዘርግቶ ይተኛል አይተኛም ነው የሚያየው።

መለካት

አራት ቁጥር ነው የምትይዙት። ውሻው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ሀ ከአፍንጫው ጫፍ ጅራቱ እስከሚጀምርበት ድረስ፣ ጅራቱ ራሱ አይቆጠርም። ለ ከመሬት እስከ ፊት እግሩ ክርን። ሐ ትከሻው ላይ ያለው ስፋት። መ ከመሬት እስከ ጭንቅላቱ አናት፣ ጆሮው የሚቆም ከሆነ ደሞ እስከ ጆሮው ጫፍ፣ የቱም ቢሆን ከፍ ያለው ነው የሚያዘው። ከዛ የሳጥኑ የውስጥ ርዝመት «ሀ» ሲደመር የ«ለ» ግማሽ፣ ስፋቱ የ«ሐ» እጥፍ፣ ከፍታው «መ» ሲደመር የምንጣፉ ውፍረት። አፍንጫው ደፍጠጥ ያለ ውሻ ከሆነ (ቦክሰር፣ ቡልዶግ ምናምን) 10 በመቶ ይጨመርበታል፣ እነሱን ግን ጭራሽ የማይቀበል አየር መንገድ ብዙ ስለሆነ ሳጥን ከማሰባችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ሙቀት አይችሉም።

ጃክ ላይ ሲሰላ ሀ 88፣ ለ 36፣ ሐ 27፣ መ 80 መጣ። ርዝመት 88 እና 18 ሲደመር 106፣ ስፋት 54፣ ከፍታ 80 እና 4 ሴንቲ ምንጣፍ ሲደመር 84። ይሄ ሁሉ የውስጥ ልክ ነው እና ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፣ ሱቅና ኦንላይን ላይ የሚጻፈው የውጭ ልክ ነው፣ ፕላስቲክ ሳጥን ደሞ ወደ ላይ እየጠበበ ነው የሚሄድ፣ ወለሉም ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጥ፣ ስለዚ ከተጻፈው ላይ ጥቂት ሴንቲ መቀነስ አለባችሁ። ሲቻል ሜትሩን ሳጥኑ ውስጥ አስገብታችሁ ራሳችሁ ለኩ።

አንድ ሰው ይበቃል ብላችሁም አትልፉት፣ ለመለካት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ አንዱ ዳቦ ይዞ ፊት ለፊት ይቆማል ጭንቅላቱን ቀና እንዲያደርግ፣ አንዱ ይለካል። እኔ ለብቻዬ ስለካው ጃክ ጆሮውን ወደኋላ አስተኝቶ 74 ነበር ያወጣሁት፣ እህቴ ስትመጣና ስሙን ስትጠራው 80 ሆነ።

ፕላስቲኩ

በዓለም ላይ ብዙ ውሻ የሚበረው በዚህ ነው፣ ሁለት ግማሽ ሆኖ መሀሉ ላይ በቡሎን የሚገጠመው፣ በሩ የብረት ሽቦ የሆነው። አሜሪካ ውስጥ ፔትሜት የሚሰራቸው ቫሪ ኬነልና ስካይ ኬነል በጣም የታወቁ ናቸው፣ ሰው ሳይዙን በቁጥር ይጠራዋል፣ 500 እና 700 እያለ። 500 የሚባለው በውጭ 102 በ69 በ76 ሴንቲ አካባቢ ነው፣ 700 ደሞ 122 በ81 በ89። አውሮፓ ከሄዳችሁ ስቴፋንፕላስት የሚባለው የጣልያን ካምፓኒ ጉሊቨር 7 የሚል አለው፣ 104 በ73 በ75 ነው፣ ማለትም ከ500ው ጋር አንድ መደብ ናቸው።

እነዚህን ከውሻ ጋር ስታያይዙት፣ ጆሮው የተንጠለጠለ መካከለኛ ላብራዶር ብዙ ጊዜ 500 ውስጥ ይገባል። ጀርመን ሼፐርድ ግን ርዝመቱ ቢበቃው እንኳ በጆሮው ምክንያት ይወድቃል፣ የኔ የመጀመሪያ ሳጥን 500 ነበር፣ የውጭ ቁመቱ 76 የሆነ ነገር ውስጥ 84 የሚፈልግ ውሻ ላስገባ ነበር የታገልኩት። ስለዚ ለጆሮ ቋሚ ውሻ 700 ነው፣ ለሮትዋይለርና ለቦርቦልም ሳትለኩ ከ700 በታች አታስቡ፣ ግሬት ዴን ከሆነ ደሞ 700ም ላይበቃው ይችላል።

የፕላስቲክ ጥቅሙ ቀላል መሆኑ ነው። 700 ራሱ ከ20 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ይታጠባል፣ ሽንት አይመጥም፣ የካውንተር ሰራተኛ ስለለመደው ብዙ አያፈጥበትም። ውሻም ቶሎ ይለምደዋል፣ ጨለም ያለ ዋሻ ነገር ነው።

ችግሩ ደሞ። አንደኛ ክፍሎቹ የሚያያዙት አንዳንዱ ላይ በፕላስቲክ መቆለፊያ ብቻ ነው፣ ያ አይሄድም፣ ዙሪያውን በሙሉ በብረት ቡሎንና ዳዶ መታሰር አለበት፣ አብሮት የመጣው ፕላስቲክ ከሆነ አውጥታችሁ በብረት ቀይሩት፣ ርካሽ ነው። ሁለተኛ በሩን የሚይዙት ዘንጎች ከበሩ ክፈፍ በላይና በታች ቢያንስ 1.6 ሴንቲ አልፈው መግባት አለባቸው፣ ካነሱ ውሻ በግንባሩ ሲገፋው ፕላስቲኩ ይለጠጥና በሩ ውልቅ ይላል፣ ውሻ ሜዳ ላይ የሚያመልጠው በዚህ ነው። ሦስተኛ ለኢንተርናሽናል በረራ በአራቱም ጎን አየር ማስገቢያ ይፈለጋል፣ አንዳንዱ ፕላስቲክ ከኋላ ድፍን ነው፣ በድሪል ቀዳዳ ይበሳለታል፣ ሲበሱት ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አለስልሱት። ጎማ ካለው ደሞ ጎማው ይወልቃል ወይም እንዳይሽከረከር ይታሰራል።

አዲስ አበባ ላይ ያለው ሌላ ችግር 700 እንደልብ አለመገኘቱ ነው። የሚገኘው ስራ ጨርሰው ከሚመለሱ ፈረንጆች ነው ያው፣ ኤምባሲና ኤንጂኦ አካባቢ ሰው ካላችሁ ጠይቁ። ያገለገለ ስትገዙ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ስንት አመት እንደቆየ ተመልከቱ፣ ቀለሙ ነጣ ብሎ በጥፍር ስትጭሩት ዱቄት ከወጣው ፕላስቲኩ ደርቋል፣ ቡሎን ሲጠብቅ ይሰነጠቃል። ሰው ከአሜሪካ ሲመጣ ላስመጣ ካላችሁ ደሞ ሁለቱ ግማሽ አንዱ በአንዱ ውስጥ ተደራርቦ እንኳ ርዝመቱ 122 ስፋቱ 81 ነው፣ የተለመደው የሻንጣ ልክ ደሞ ሦስቱ ጎን ተደምሮ 158 ሴንቲ ነው፣ ስለዚ እንደ ትርፍ ሻንጣ ይከፈልበታል፣ ይሄን ለዘመዳችሁ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ኤርፖርት ላይ ደውሎ እንዳይራገም።

የኮምፔንሳቶ ሳጥን

እኔ በመጨረሻ ያሰራሁት ይሄን ነው፣ ሰፈር ያለ አናጢ ጋ፣ 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ በሞራሌ ክፈፍ። ደንቡ እንጨትን ይፈቅዳል፣ እንዲያውም ጉልበተኛ ለሚባሉ ውሾች ፕላስቲክ አይበቃም ብሎ ሲአር 82 የሚባል ሌላ ክፍል አለ፣ እዛ ላይ የሚጠየቀው ጠንካራ እንጨት ወይም ብረት ነው። አንዳንድ አየር መንገድ ለፒትቡልና ለመሳሰሉት ይሄን ካላሟላችሁ አይነካችሁም።

የኮምፔንሳቶ ትልቁ ነገር በውሻው ልክ መሰራቱ ነው። መጀመሪያ ጥቅሙ ለውሻው ብቻ መስሎኝ ነበር፣ የካርጎ ሂሳብ ሲመጣ ነው የገባኝ። ካርጎ ክብደት ብቻ አደለም የሚያስከፍለው፣ ርዝመት በስፋት በከፍታ በሴንቲ ተባዝቶ ለ6000 ይካፈላል፣ የወጣው ቁጥርና ሚዛን ላይ ያለው ኪሎ ይወዳደሩና ትልቁ ይከፈላል። አሁን ይሄን እዩ። 700ው 122 በ81 በ89 ሲባዛና ለ6000 ሲካፈል ወደ 147 ኪሎ ይመጣል። ውሻው 36፣ ሳጥኑ 20 ምናምን፣ ሚዛኑ ላይ 60 ኪሎ እንኳ ላይሞላ ይችላል፣ እናንተ ግን የምትከፍሉት የ147 ነው። የኔ ኮምፔንሳቶ በውጭ ከነእግሩ 112 በ60 በ92 ሆኖ ነው የወጣው፣ ሲሰላ 103 ኪሎ። ሳጥኑ ባዶውን 38 ኪሎ ይመዝናል፣ ከጃክ ጋር 74፣ ስለዚ ከባድ መሆኑ ምንም አልጎዳኝም፣ ከ103 በታች እስከሆነ ድረስ ማንም አይጠይቀኝም። የ44 ኪሎ የካርጎ ልዩነት ነው፣ በእንስሳት ታሪፍ ደሞ አስቡት፣ ብዙ ጊዜ ከተራ ጭነት የበለጠ ነው። ከስፋቱ ነው ያተረፍኩት፣ 700ው ለማንም እንዲሆን ተብሎ 81 ሴንቲ ሰፍቷል፣ ጃክ የሚያስፈልገው ግን 54 ነው።

(ለማወዳደር ያህል 500ው 89 ኪሎ ነው የሚወጣው። ላብራዶር ያለው ሰው እንግዲህ እንጨት ጋ ምንም ጉዳይ የለውም፣ ዝም ብሎ ፕላስቲኩን ይግዛ።)

አናጢው ጋ ስትሄዱ ግን "የውሻ ሳጥን ስራልኝ" ብላችሁ አትተዉት፣ የውሻ ቤት ነው የሚሰራላችሁ፣ ጣሪያው ክዳን ያለው ምናምን። የኔው የመጀመሪያ ቀን "በሩ ላይ ቁልፍ ላድርግበት?" አለኝ። በሩ የተበየደ የብረት ፍርግርግ ይሁን፣ ከላይና ከታች ሁለት ጠንካራ መቀርቀሪያ፣ ቁልፍ አይደረግም፣ ችግር ቢመጣ ሰራተኛው መክፈት መቻል አለበት። ወለሉ ድፍን፣ ውሃ የማያሳልፍ፣ ጣሪያውም ጠንካራ። አየር ማስገቢያው በአራቱም ጎን ተሰራጭቶ ከአራቱ ጎን ጠቅላላ ስፋት ቢያንስ 16 በመቶ መሙላት አለበት፣ ይሄን አናጢው አይሰማችሁም፣ ሦስት አራት ቀዳዳ ይበሳና በቃ ይላችኋል፣ እኔ አስልቼ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ነው የሰጠሁት። ቀዳዳው ውሻው አፍንጫውን ወይም እግሩን የማያስወጣበት ይሁን፣ ሰፋ ካለ በብረት ወንፊት በውስጥ በኩል ይሸፈናል። ውስጡ ላይ የሚስማር ጫፍ፣ የቡሎን ጫፍ፣ የሚነከስ ጠርዝ እንዳይኖር እጃችሁን አስገብታችሁ ዳብሱት። ጠቅላላ ከ60 ኪሎ ካለፈ ፎርክሊፍት የሚገባበት እግር ከስር ይደረጋል፣ የኔ ቁመት 92 የደረሰው በሱ ነው።

ቀለም አትቀቡት። ቫርኒሽም። ሽታው ሳምንታት ይቆያል፣ ውሻ ለኛ የማይሸተን ነገር ይሸተዋል፣ ይልሰዋልም።

ሌላው የእንጨት ጣጣ አይኤስፒኤም 15 የሚባለው ነው፣ ድፍን ጣውላ ተባይ ይዞ እንዳይገባ በሙቀት ታክሞ ማህተም ካልተደረገበት ብዙ ሀገር አያስገባም። ኮምፔንሳቶ ከዚህ ነፃ ነው ምክንያቱም ሲሰራ በሙጫና በሙቀት ተጨፍልቆ ነው። ክፈፉ ሞራሌ ግን ድፍን እንጨት ነው! እኔ ይሄን ያወቅኩት አናጢው ሞራሌውን ከቆረጠ በኋላ ነው፣ እንደገና ፈርሶ ኮምፔንሳቶ ተደራርቦ ተጣብቆ ክፈፍ ሆነ። ከመጀመሪያው እንደዛ በሉት።

ብረቱ

ሁለት አይነት ነው። አንዱ ውጭ የሚሸጠው የአልሙኒየም ሳጥን ነው፣ ቆንጆ ነው፣ አይነከስም፣ ሲአር 82 የሚያሟሉ ሞዴሎች አሉት፣ ዋጋው ግን ትልቁ ሳይዝ ከ1,000 ዶላር አካባቢ ነው የሚጀምር። በር የሚበላ፣ ፕላስቲክ የሚሰብር፣ ብቻውን ሲሆን የሚያብድ ውሻ ካላችሁ ለሱ ነው የተፈጠረው። ተረጋግቶ ለሚተኛ ውሻ ግን ብር ማባከን ነው በኔ ግምት። ለመኪና ተብለው የሚሸጡ ጠንካራ ሳጥኖችም አሉ፣ ለግጭት ተፈትኗል ምናምን ይላሉ፣ የመኪና ፈተና የአውሮፕላን ደንብ ማሟያ አደለም፣ በአንድ ጎን ብቻ አየር የሚያስገቡ ሞልተዋል።

ሁለተኛው ብየዳ ቤት የሚሰራው ነው። ምናለሽ ተራ ብትሄዱ በሁለት ቀን ሰርተው ይሰጧችኋል፣ እጃቸው ላይ ምንም ጥርጥር የለኝም፣ ግን ሂሳቡን ስሩት፣ 1.5 ሚሊ ላሜራ በካሬ ሜትር ወደ 12 ኪሎ ነው፣ ለጃክ ልክ የሚሆን ሳጥን 4 ካሬ ሜትር ገደማ ይፈጃል፣ ላሜራው ብቻ ወደ 48 ኪሎ፣ ክፈፍና በር ሲጨመር አራት ሰው የሚሸከመው ነገር ይሆናል። ውስጡ ያስተጋባል፣ ፀሐይ ላይ ከቆመ ይግላል፣ ሲዘንብ ይቀዘቅዛል። በሩን ብቻ እነሱ ጋ አሰሩና ሌላውን ለአናጢ ስጡ፣ እኔ እንደዛ ነው ያደረግኩት።

ሽቦ የሆነው ተጣጣፊ ኬጅስ? ለበረራ አይሆንም፣ ሙሉ በሙሉ ሽቦ የሆነ ሳጥን ጭነት ክፍል አይገባም፣ የጨርቁም እንደዛው። ሻጩ ምንም ቢላችሁ። ቤት ለማሰልጠን ከሆነ ጥሩ ነው።

አውሮፕላኑም ይለካል

ይሄን ሳያይ ሳጥን የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። ከቦሌ አውሮፓና አሜሪካ የሚበሩት በአብዛኛው ሰፋፊዎቹ ናቸው፣ 787፣ 777፣ ኤርባስ 350፣ እነሱ ላይ ይሄ ሁሉ ሳጥን ያለችግር ይገባል። ቅርብ ሀገር የሚሄደው ግን ብዙ ጊዜ ቦይንግ 737 ነው፣ የጭነት በሩ ቁመት ራሱ ከ89 ሴንቲ ብዙም አይበልጥም፣ ስለዚ 700ው ቁመቱ ልክ 89 ሆኖ እዛ አይገባም ብላችሁ ቁጠሩት፣ የኔው 92ማ ጭራሽ። ትራንዚት ካለው ደሞ ሁለተኛውን አውሮፕላን ጠይቁ፣ መጀመሪያው ሰፊ ሆኖ ሁለተኛው ጠባብ ሊሆን ይችላል፣ ውሻው መሀል ላይ ይቀራል። ቡክ ስታደርጉ የሳጥኑን የውጭ ልክና ከነውሻው ኪሎውን በጽሁፍ ስጧቸው፣ መልሱንም በጽሁፍ ተቀበሉ። በስልክ "ችግር የለም" የሚባለው ነገር ካውንተር ላይ ማንም አያውቀውም።

በሻንጣ መልክ ነው ወይስ በካርጎ የሚሄደው የሚለውም ምርጫችሁን ይቀይረዋል። በሻንጣ መልክ ከሆነ ከሰውየው ጋር በአንድ አውሮፕላን ይሄዳል፣ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ግን የኪሎ ጣሪያ አለው፣ ለምሳሌ ኤር ፍራንስ ውሻና ሳጥን ተደምሮ 75 ኪሎ ላይ ያቆማል። እዚህ ጋ ቀላሉ ፕላስቲክ ያሸንፋል፣ የኔ ኮምፔንሳቶ 74 ሆኖ ለጥቂት ነው፣ ጃክ ትንሽ ቢወፍር አልቆለታል። በካርጎ ከሆነ ከላይ እንዳልኩት ጠበብ ብሎ በልኩ የተሰራው ያሸንፋል። አንዳንድ ሀገር ደሞ ምርጫም አይሰጥም፣ እንግሊዝ በአየር የሚገባ ውሻ በካርጎ ብቻ ነው (አጋዥ ውሻ ካልሆነ)፣ ዱባይም በኤምሬትስ ከሆነ በካርጎ ነው። የአሜሪካ ትልልቅ አየር መንገዶች ለተራ ሰው ትልቅ ውሻ በሻንጣ መልክ መውሰድ አቁመዋል በአብዛኛው፣ ለወታደርና ለመንግስት ሰራተኛ ካልሆነ፣ ሉፍታንዛን የመሰሉ የአውሮፓዎቹ ግን አሁንም ይወስዳሉ።

ወረቀቱ ሳጥኑን ያስቸኩላል አያስቸኩልም

ስለ ወረቀት ብዙ አልገባም ግን ከሳጥን ጋር የሚያያዝ ነገር አለው። ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ህብረት ለሚገባ ውሻ መጀመሪያ ማይክሮቺፕ፣ ከዛ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደም ተወስዶ ህብረቱ እውቅና በሰጠው ላብራቶሪ ይመረመራል፣ የመከላከያው (አንቲቦዲ) መጠን 0.5 IU/ml እና ከዛ በላይ መሆን አለበት፣ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ደሞ 3 ወር ይጠበቃል። ውሻውና ባለቤቱ በ5 ቀን ውስጥ ካልተከታተሉም ጉዞው እንደ ንግድ ይቆጠራል፣ እህቴ ትኬቷን ያራዘመችው በዚህ ነው። አሜሪካ ከሆነ ኢትዮጵያ ሲዲሲ (የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት አለባቸው ካላቸው ሀገሮች ውስጥ ናት፣ በፈረንጆቹ ከነሐሴ (ኦገስት) 2024 ወዲህ ማንኛውም የሚገባ ውሻ ቢያንስ 6 ወር የሞላውና ማይክሮቺፕ ያለው መሆን አለበት፣ ከኛ ሀገር ተከትቦ የሚሄደው ደሞ ሲዲሲ የመዘገበው የእንስሳት ማቆያ ባለበት ኤርፖርት ብቻ፣ እዛም ቀድሞ ቦታ ተይዞለት ነው የሚገባው። ስለዚ መጀመሪያ የምትደርሱበትን ኤርፖርት፣ ቀጥሎ አውሮፕላኑን፣ ከዛ ሳጥኑን ነው የምትወስኑት።

ሁሉም ሲደመር አራት ወር ነው የሚፈጀው፣ እና ይሄ ለሳጥኑ ጥሩ ዜና ነው፣ ደሙ በተሰጠ ሳምንት ሳጥኑን አሰሩና ሦስቱን ወር ለልምምድ ተጠቀሙበት። ጉዞው ሳምንት ሲቀረው ሳጥን የሚገዛ ሰው ለውሻው ግፍ ነው የሚሰራው።

ልምምዱ ላይ የቱ ይሻላል

ፕላስቲኩ ያሸንፋል፣ ክርክር የለውም። የላይኛው ግማሽ ይፈታል፣ ስለዚ መጀመሪያ የታችኛውን ብቻ እንደ አልጋ ታደርጉለታላችሁ፣ ውሻው ሲለምደው ጣሪያው ይደረጋል፣ ከዛ በሩ። ኮምፔንሳቶው ላይ እንደዛ አይቻልም፣ አንዴ ቆሟል። ጃክ የመጀመሪያውን ሳምንት አፍንጫውን ብቻ አስገብቶ ይወጣ ነበር፣ ምግቡን በሩ ጋ አስቀመጥኩ፣ ቀስ እያልኩ ወደ ውስጥ ገፋሁት፣ በሁለተኛው ሳምንት ሙሉ በሙሉ ገብቶ መብላት ጀመረ፣ እየበላ እያለ በሩን ዘጋሁት፣ አምስት ደቂቃ፣ ከዛ ሃያ፣ ከዛ ሰዓት፣ ከዛ ሌሊቱን። ሲያለቅስ አትክፈቱ፣ ዝም ሲል ክፈቱ፣ አለበለዚያ ማልቀስ በር እንደሚከፍት ነው የምታስተምሩት። ሁለት ሰው ሆናችሁም ሳጥኑን ከነውሻው ትንሽ አንሱት፣ ወዝወዝ አድርጉት፣ ፒካፕ ላይ ጭናችሁ ሰፈር ዙሩ። ጃክ ከበረራው በላይ የፈራው የፒካፑን ጉዞ ነበር መሰለኝ።

ማስተኛ መድሃኒት የሚል ምክር ትሰማላችሁ ከየቦታው። አትስጡ። የደም ግፊት ይቀንሳል፣ ትንፋሽና የሰውነት ሙቀት መቆጣጠር ይረበሻል፣ እዛ ላይ ደሞ የሚያየው ሰው የለም፣ ደንዝዞ የመጣ ውሻ ካውንተር ላይም ሊመለስ ይችላል።

የመጨረሻው ቀን

ከባድ ምግብ ከጉዞው ብዙ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ውሃ ግን እስከመጨረሻው። ሳጥኑ በር ላይ ሁለት ሳህን ይታሰራል፣ አንዱ የውሃ አንዱ የምግብ፣ በሩ ሳይከፈት ከውጭ የሚሞላ መሆን አለበት፣ ፕላስቲኩ ላይ አብሮ ይመጣል፣ ኮምፔንሳቶው ላይ በቀዳዳ ፈነል አድርገን ነው ያስተካከልነው። የውሃውን ሳህን ከነውሃው ማታ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት፣ በረዶ ሆኖ ይጫናል፣ ሳይፈስ ቀስ እያለ ይቀልጥለታል። ለምንጣፍ ድርቆሽ ወይም ገለባ አታድርጉ፣ ብዙ ሀገር በግብርና ህግ ይከለክለዋል፣ የሚመጥ ዳይፐር ነገር ከስር፣ ከላይ የእህቴን አሮጌ ጋቢ አነጠፍንለት፣ ሳይታጠብ፣ ሽታዋ እንዲኖር። አፍ ማሰሪያ አይደረግም፣ ማሰሪያ ገመዱም ውስጥ አይገባም፣ ከውጭ ይለጠፋል። "ህይወት ያለው እንስሳ" የሚለው ጽሁፍ ፊደሉ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሆኖ በእንግሊዝኛ፣ ወደ ላይ የሚያሳየው ቀስት ደሞ በየጎኑ ይለጠፋል። ፍተሻ ላይ ውሻው ወጥቶ ሳጥኑ ብቻውን ሊታይ ስለሚችል በሩን በፕላስቲክ ማሰሪያ የምታጠብቁት ከፍተሻ በኋላ ነው፣ ትርፍ ማሰሪያ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

እኛን ካርጎ ላይ የቆመው ልጅ ሳጥኑን ዞሮ ዞሮ አየው፣ ሜትር አውጥቶ ራሱ ለካ፣ ከኋላ ያሉትን ቀዳዳዎች ቆጠረ፣ ጃክ ቆመ፣ ጆሮው ቆመ፣ ጣሪያውን አልነካም፣ ልጁ ፈርሞ ሄደ። ፍራንክፈርት ሲደርስ ጋቢው እርጥብ ነበር እንጂ ውሻው ደህና ነው።

ከጉዞው በኋላ ኮምፔንሳቶው ዋጋ የለውም፣ በጃክ ልክ ስለተሰራ ማንም አይገዛውም፣ እህቴ ፈታታ ጣለችው። ፕላስቲክ ግን ተመልሶ ይሸጣል፣ አዲስ አበባ ውስጥ 700 ያለው ሰው ወዲያው ገዢ ያገኛል፣ ስለዚ ዋጋ ስታወዳድሩ ይሄንንም አስገቡት፣ የኔን 44 ኪሎ ቅናሽ ትንሽ ይበላዋል። የመጀመሪያውን 500 እኔም ሸጥኩት፣ ላብራዶር ላለው ሰው፣ ስቲከሩን ልጬ ውሻውን በሜትር ከለካሁለት በኋላ።